ሙሉ የግቢ ዕቃ ከአንድ አቅራቢ፦ ጅማ ላይ ተቋራጮች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ እንጀራዬ የግቢ ሥራ ነው። ንጣፍ፣ ፐርጎላ (በምሰሶ የቆመ የጥላ መዋቅር)፣ ጋዜቦ (ጣራ ያለው የግቢ መቀመጫ ጎጆ)፣ የጥብስ ቦታ፣ የግቢ መብራት እሠራለሁ። አሁን ሆቴሉም፣ ካፌውም፣ መኖሪያ ቤቱም ግቢውን እንደ ሳሎን ነው የሚፈልገው። ሥራው ሲበዛ የሙያ ጓደኞቼ ስልክም በዛ። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ሁሉንም ከአንድ ሰው ልግዛ ወይስ ልበታትነው? ማታ ማታ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ።

"ሙሉ የግቢ ዕቃ" የሚባለው ምን ምን ነው?

ደንበኛው ከበረንዳው ወርዶ እስከ አጥሩ ድረስ የሚረግጠው፣ የሚጠለልበትና የሚቀመጥበት ሁሉ ነው። ንጣፉ ከነጠርዙ፣ የውሃ መውረጃው፣ የጥላው መዋቅር ከነክዳኑ፣ የውጭ ማብሰያው፣ መብራቱ ከነሽቦው፣ ወንበርና ጠረጴዛው። አንዳንዱ ሻጭ ወንበርና ጃንጥላ ብቻ ይዞ "ኮምፕሊት ነው" ይላል። አይደለም። ብሎኑ፣ የምሰሶው መቀመጫ ላሜራ፣ የክዳኑ መጋጠሚያ ላስቲክ፣ ሲሊከኑ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ሙሉ አትበሉት። ሥራ የሚያስቆመው እኮ ፐርጎላው አይደለም፤ የጎደለው አራት ብሎን ነው።

ከአንድ ቦታ ስገዛ ይረክስልኛል?

አንዳንዴ። ዕቃ በዕቃ ካወዳደራችሁት ብዙ ጊዜ እንዲያውም ትንሽ ይወደዳል። ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ ብቻ ነው።

ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ግቢ የሚበላሸው መጋጠሚያው ላይ ነው። ምሰሶው ከንጣፉ፣ ክዳኑ ከአሸንዳው፣ ሽቦው ከምሰሶው የሚገናኝበት ቦታ ባለቤት የለውም። ዕቃው ከሦስት ሰው ሲመጣ ሦስቱም የራሳቸውን በደንብ ሠርተው መሀሉ ክፍት ይቀራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የካፌ ግቢ ሠራሁ። ብረቱን ከአንዱ፣ ክዳኑን ከሌላው፣ መብራቱን ከሦስተኛው ገዛሁ። በየቤቱ ተከራክሬ ጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ፤ በራሴም ኮርቼ ነበር። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ውሃው በምሰሶው ውስጥ ተንቆርቁሮ የመብራቱ ሳጥን ውስጥ ገባ። ክዳን የሸጠልኝ ሰውዬ "ምሰሶውን የበሳው በያጁ ነው" አለ። በያጁ "ቀዳዳው የሽቦ ነው፣ ኤሌክትሪሻኑ ይድፈነው" አለ። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ "እኔ መብራት ገጠምኩ እንጂ ጣራ አልሠራሁ" አለኝ። የሚገርመው ሁሉም ልክ ነበሩ። ከኪሴ አውጥቼ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። በዋጋ ክርክር ያተረፍኩት በሁለት ቀን አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሰው የምገዛው የሚረክስ መስሎኝ አይደለም፤ ዝናብ ሲገባ የምደውለው አንድ ቁጥር እንዲሆን ነው።

ታዲያ ሁሉንም ከአዲስ አበባ ላስጭን?

ኧረ በፍጹም! እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

እስቲ አብረን እናስላ። 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ በካሬ ሜትር ወደ 140 ኪሎ ይመዝናል። 100 ካሬ ሜትር ግቢ ማለት 14 ቶን ነው። 5 ቶን በሚጭን አይሱዙ ሦስት ምልልስ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመሀል የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት አለ። መንገድ ላይ የሚሰበረውን ጨምሩበት። ወደ ድንጋይ አገር ድንጋይ ጭኖ ማምጣት ነው የሚሆነው። ጥቁር ድንጋዩ፣ ጠጠሩ፣ ገረጋንቲው እዚሁ አለ። ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ልጆችም እዚሁ አሉ።

ወንበሩም እንደዚያው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣባት ከተማ ውስጥ ሆነን የፕላስቲክ ወንበር ከመርካቶ ስናስጭን ትንሽ ያሳፍራል። የምትሠሩት ሆቴል ከሆነ ደግሞ እንግዳው ፎቶ የሚነሳው በርጩማው ላይ ነው።

ስለዚህ እኔ "አንድ አቅራቢ" ስል ጠጠሩንም ማለቴ አይደለም። ከአንድ ሰው መምጣት ያለበት እርስ በርሱ የሚገጣጠመው ነው፦ መዋቅሩ፣ ክዳኑ፣ አሸንዳው፣ ማሰሪያው፣ በምሰሶው ውስጥ የሚያልፈው መብራትና የማብሰያው ሳጥን። ከባዱና የአካባቢው ሙያ እዚሁ ይቅር።

አቅራቢው "ንጣፉን ካልሠራሁ ዋስትና አልሰጥም" ቢለኝስ?

ከመሬት በታች ያለውን በሥዕል ይስጣችሁ። የመሠረቱ ጥልቀት፣ የብሎኖቹ ርቀት፣ የወለሉ ከፍታ፣ ተዳፋቱ ወዴት እንደሆነ ይጻፍ። በሥዕሉ መሠረት ሠርታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩለት ሰበብ ያጣል። ሥዕል መስጠት የማይችል ከሆነ ችግሩ ንጣፉ አይደለም፤ ሰውዬው ነጋዴ እንጂ ባለሙያ አይደለም።

የንጣፉን ነገር ካነሳን፣ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለእግረኛ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በደንብ የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ በላዩ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሸዋ፣ ከዚያ ንጣፉ። መኪና የሚገባበት ከሆነ ንጣፉ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሥሩም ይወፍር። ተዳፋቱ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሁልጊዜ ከቤቱ ወደ ውጭ። ረግረጋማ መሬት ወይም መረሬ አፈር ካጋጠማችሁ አፈሩን አውጥታችሁ ገረጋንቲ ሙሉ። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ንጣፉም አብሮት ይነሳል ይወርዳል። የትኛውም አቅራቢ ይህን በዋስትና አይሸፍንላችሁም።

ለጅማ ዝናብ የትኛው ክዳን ይሻላል?

መጀመሪያ ውሃውን እንወቀው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። አራት በአምስት የሆነች ትንሽ ፐርጎላ በዓመት 30,000 ሊትር ውሃ ትቀበላለች ማለት ነው። ይህን ለደንበኛ ስትነግሩት አሸንዳው ቅንጦት እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። ካታሎጉ ላይ ያለው ክፍት ፐርጎላ፣ ጣውላው ብቻ የተደረደረው፣ ዝናብ ለማያውቅ አገር ነው። ለእኛ ጌጥ ነው።

ቆርቆሮ ርካሽ ነው፤ ግን ዝናብ ሲመታው አጠገብ የተቀመጠው ሰው አይሰማችሁም። ካፌ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ፖሊካርቦኔት (ውስጡ ቱቦ ቱቦ የሆነ የፕላስቲክ ክዳን) እወዳለሁ፤ በትክክል ከተገጠመ ነው። አራት ነገር አቅራቢያችሁን አስጠንቅቁት። አንደኛ፣ የፀሐይ መከላከያ ያለው ገጽ ወደ ሰማይ ይዙር፤ መሸፈኛ ላስቲኩ ላይ ተጽፎበታል፣ ልጆቹ ግን ላስቲኩን ቀድመው ይልጡትና ይጠፋቸዋል። ሁለተኛ፣ የውስጡ ቱቦዎች ወደ ተዳፋቱ ይሂዱ፣ በአግድም አይሁኑ፤ አለበለዚያ ውሃ ያቁርና አረንጓዴ ያበቅላል። ሦስተኛ፣ የላይኛው አፍ ሙሉ በሙሉ ይታሸግ፣ የታችኛው ግን እንዲተነፍስ ይደረግ። አራተኛ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ይበል። ፖሊካርቦኔት በሙቀት በየሜትሩ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። ቦታ ካላገኘ በፀሐይ ጊዜ ይንቋቋል፤ ቆይቶ ብሎኑ ላይ ይሰነጠቃል። "ሌሊት ቤቱ ይጮሃል" ብሎ የደወለልኝ ደንበኛ አለ። ቤቱ አልነበረም፤ ክዳኑ ሲበርድ ይሰበሰብ ነበር።

ብረት ወይስ እንጨት?

ለምሰሶ ብረት። ለሚነካውና ለሚታየው እንጨት።

ምክንያቱ ምስጥ ነው። በእኛ አካባቢ እንጨት መሬት ነክቶ በሰላም የሚከርምበት ዘመን አጭር ነው። የግድ የእንጨት ምሰሶ ከተፈለገ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ የብረት ጫማ ላይ ይቁም። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የለመድነው ነገር ነው፤ ሰው በሚደገፍበትና ልብስ በሚነካበት ቦታ ግን ተዉት። እርጥብ ባህር ዛፍ አትግዙ። ዛሬ ቀጥ ያለው በጥር ፀሐይ ይጠመዘዛል፤ በያጁ የሠራውንም መጋጠሚያ ይዞት ይሄዳል። ጽድ ይሻላል። ዋንዛ ለጠረጴዛና ለወንበር ቆንጆ ነው። ጣውላ ስትገዙ ወረቀቱን ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የተጫነ ጣውላ ኬላ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ ያኔ ቀብዳችሁም አብሮ ነው የሚያዘው።

እንጨት ዝናብ አይችልም የሚላችሁ ሰው ካለ ጅሬን ወስዳችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳዩት። እንጨት የሚገድለው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ከዝናቡ በኋላ አለመድረቁ ነው። ጣራው ወጣ ካለና አየር ካገኘ ይቆያል።

ፕሮፎርማው ላይ ምን ልይ?

ከጠቅላላ ዋጋው በፊት ውፍረቱን። "ቱቦላሬ 40 በ40" (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ብሎ ዝም የሚል ፕሮፎርማ ምንም አልነገራችሁም። 1.5 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ 2? የሁለት ሻጮች ዋጋ የሚለያየው ብዙ ጊዜ እዚህች መስመር ላይ ነው። ክዳኑም እንደዚያው፦ 6፣ 8 ወይስ 10 ሚሊ ሜትር? ብረቱ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ነው ወይስ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) የተቀባ?

ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። 15 በመቶ ቫቱ ገብቷል? ጭነቱ እስከ ሳይት ነው ወይስ እስከ ጅማ መናኸሪያ? ጫኝና አውራጅ የማን ነው? ይህን ሳትጠይቁ ከቀራችሁ መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ ሾፌሩ ክላክስ እያሰማ፣ እናንተ ከአውራጆቹ ጋር ስትደራደሩ ታገኙታላችሁ። ያኔ የመደራደር አቅም የላችሁም።

ዋጋው የሚጸናበትን ቀንም እዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ለረጅም ጊዜ አይጸናም። ለደንበኛችሁ የምትሰጡት ዋጋ ከአቅራቢያችሁ ቀን አይለፍ። አቅራቢው 7 ቀን ሰጥቷችሁ እናንተ ለደንበኛው አንድ ወር ከሰጣችሁ፣ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የብረቱን ውፍረት እንዴት ላረጋግጥ?

ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ግዙ። ካሊፐር ከሌለ ሚዛን ይበቃል። 6 ሜትር ርዝመት ያለው 40 በ40 ቱቦላሬ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 14 ኪሎ ይመዝናል። 1.5 ከሆነ 11 ኪሎ እንኳ አይሞላም። የቡና ሚዛን በሞላበት ከተማ አንድ ዘንግ ብረት መመዘን አይከብድም። አንድ ጊዜ ቡና መረከቢያ ሚዛን ላይ ቱቦላሬ ሳስቀምጥ ልጆቹ ሳቁብኝ። 11 ገደማ ሲያሳይ ግን ያልሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ልኬት ማን ይውሰድ?

እናንተ። አቅራቢው "ፎቶ ላኩልኝ፣ ስፋቱን ንገሩኝ" ቢልም አትስነፉ።

አንድ አቅራቢ በፎቶና በስልክ ብቻ ፐርጎላ ሠርቶ ላከልኝ። እኔም የመሠረቱን ብሎን በእሱ ቃል ቀድሜ ኮንክሪት ውስጥ ቀብሬያለሁ። ዕቃው ሲመጣ የምሰሶው መቀመጫ ላሜራ ቀዳዳዎች ከብሎኖቹ ጋር 3 ሳንቲ ሜትር ተላለፉ። በአራቱም ምሰሶ! እሱ ከቀዳዳ መሀል እስከ ቀዳዳ መሀል ነግሮኛል፤ እኔ የላሜራው ዳር መስሎኛል። ጥፋቱ የጋራ ነበር፤ ግራይንደር የያዝኩት ግን እኔ። አሁን መጀመሪያ አቅራቢው ቀዳዳዎቹን አንድ ካርቶን ላይ በልክ አውጥቶ በመኪና ሾፌር እንዲልክልኝ አደርጋለሁ። ካርቶን አይዋሽም።

ስትለኩ አራቱን ጎን ብቻ አትለኩ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። እኩል ካልሆኑ ግቢው ካሬ አይደለም። የድሮ ሠፈር ግቢዎች፣ ሄርማታና ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያሉት፣ ካሬ ሆነው ያገኘኋቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሌላ ነገር ልጨምር። ብረት የሚመጣው በ6 ሜትር ነው። ምሰሶውን 3 ሜትር ካደረጋችሁት ከአንዱ ዘንግ ሁለት ይወጣል፤ ምንም አይተርፍም። 3.20 ካላችሁ ግን ከአንዱ ዘንግ አንድ ብቻ ወጥቶ 2.80 ይተርፋችኋል። ለ20 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ በእጥፍ ትገዛላችሁ። ጥሩ አቅራቢ ይህን ራሱ ይነግራችኋል። እኔ አዲስ አቅራቢ የምፈትነው በዚህ ነው፤ ሆን ብዬ 3.20 እጠይቀዋለሁ። ዝም ብሎ ዋጋ ከላከ፣ የሚሸጥልኝ ብረት ነው፤ ከጠየቀኝ፣ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው።

ቀብድ ስንት ልክፈል?

እኔ ስፈርም 30 በመቶ፣ ዕቃው ተሠርቶ ሳልጭን አይቼው 50፣ ተገጥሞ ዝናብ ወይም የጎማ ውሃ ከፈተነው በኋላ 20 እላለሁ። ብዙው ሻጭ ከመጫኑ በፊት ሙሉውን ይፈልጋል። የመጨረሻዋን 20 ለማስጠበቅ ግን ተከራከሩ፣ 10 ብትሆንም። ገንዘብ እጃችሁ ላይ ሲቀር ስልክ ይነሳል። "ለማየት አዲስ አበባ ድረስ ልሂድ?" ትሉኛላችሁ። ሂዱ፤ ወይም የምታምኑት ሰው ላኩ። የአውቶቡስ ትኬት ከአንድ የተሳሳተ ጭነት ይረክሳል።

ዋስትናው ስንት ዓመት ይሁን?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በቀልድ ነው የሚታለፈው፤ መታለፍ የለበትም። አቅራቢው 1 ዓመት ይሰጣችኋል፤ ለቀለም ምናልባት ከዚያም ያነሰ። እናንተ ግን ተቋራጭ ናችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ነገር የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። መሠረት ቆፍራችሁ ያቆማችሁት ነገር ቢያዘም፣ አቅራቢያችሁ ከሄደ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ደንበኛው ሊፈልጋችሁ ይችላል። በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት የእናንተ ነው። ስለዚህ ለመዋቅሩና ለማሰሪያው የተለየ፣ ረዘም ያለ ዋስትና በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለወንበርና ለመብራት 1 ዓመት ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል ዋስትና ብዙ ጊዜ በትንሹ ዕቃ ልክ የተሰፋ ነው። የገባችሁት ውል ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጠበቃ አሳዩት።

መብራቱን ከሌላ ሰው ብገዛ ምን አለበት?

ሽቦው የሚያልፈው በምሰሶው ውስጥና በንጣፉ ሥር ነው፤ ስለዚህ ከመዋቅሩ ጋር ቢመጣ ይሻላል። የግድ ካልሆነ ግን ንጣፍ ሳይነጠፍ በፊት ባዶ ቱቦ ቅበሩ፤ አንዱን ለዛሬ፣ አንዱን ለነገ። እኔ 50 ሳንቲ ሜትር እቆፍራለሁ። መብራቱ ላይ አይፒ 65 (አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ ማለት ነው) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይፈለግ። 12 ቮልት ለግቢ ደህና ነው፤ ሽቦው ከረዘመና ከቀጠነ ግን የመጨረሻው አምፖል ደብዛዛ ይሆናል፤ ደንበኛውም "ተቃጥሏል" ይላል። በ220 የሚሠራ ነገር ካለ 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያይ ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ይግባ። በዚህ አልደራደርም፤ እርጥብ ሣር ላይ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን አለ።

የውጭ ማብሰያው ጋዝ ይሁን ከሰል?

ካታሎጉ ጋዝ ይላል። ጋዝ ከሆነ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ከታች ቀዳዳ ይኑረው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲፈስ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ከላይ ብቻ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ካመጡላችሁ መልሱላቸው። ከሰል ከሆነ ደግሞ ከፖሊካርቦኔቱ ሥር አውጡት።

ግን ከሁለቱም በፊት የሚጠየቅ አለ። አንድ ቡና ነጋዴ ሀጂ የግቢያቸውን ሥዕል ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩ አዩና "ልጄ፣ ቡናው የት ነው የሚፈላው?" አሉኝ። ሦስት ሜትር ማብሰያ ሥያለሁ፣ ማጠቢያ ሥያለሁ፣ ቡና ረስቻለሁ። ጅማ ላይ! አሁን ከማንኛውም አቅራቢ ሳዝ ከነፋስ የተከለለ፣ ዝቅ ያለ፣ ከሰል የሚችል ድንጋይ ወለል ያለው ጥግ አስቀድሜ አስይዛለሁ። ረከቦቱ ይግባበት፣ ጭሱ እንግዳ ላይ አይሂድ። ይህ በየትኛውም ካታሎግ የለም።

መቼ ልዘዝ?

መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ። ቁፋሮና ንጣፍ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ይሠራል። በግንቦት ያዘዘ ሰው ሰኔ ላይ ጭቃ ውስጥ ይገጥማል። ክረምቱን ለልኬት፣ ለሥዕልና ለዋጋ ተጠቀሙበት፤ ውሃ የት እንደሚያቁር በነፃ የሚያሳያችሁም ያኔ ነው። እኔ ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ይዤ ደንበኛ ግቢ የምሄደው ለዚህ ነው፤ ዘበኞቹ እብድ ይሉኛል።

ዕቃው ሲደርስ?

ሾፌሩ ቢቸኩልም ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። ካርቶኑን ሳይሆን በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ቁጠሩ። የተጫረ፣ የተሰበረ፣ የጎደለ ካለ መረከቢያው ላይ በእጃችሁ ጻፉት፤ ፎቶ አንስታችሁ ያኔውኑ ላኩ። ሕጉም ገዢ ዕቃውን ቶሎ እንዲያይና ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ነው የሚጠብቀው። ሁለት ወር ግምጃ ቤት አስቀምጦ "ተሰብሮ ነው የመጣው" ማለት አያዋጣም። ፖሊካርቦኔት ፀሐይ ላይ ተደራርቦ እንዳይቀመጥ፤ ላስቲኩ ተጣብቆ አይለቅም።

የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ወንበርና ጃንጥላ አይጠይቅም። መሠረት ያለው፣ ጣራ ያለው፣ አጥር የሚጠጋ ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። የአቅራቢው ሥዕል እዚህም ይጠቅማችኋል።

አንድ ሰው ላይ መንጠልጠል አያሰጋም?

ያሰጋል። አቅራቢው ሱቁን ሊዘጋ፣ ዕቃ ሊያጥረው፣ ዋጋ ሊቆልልባችሁ ይችላል። ለዚህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የእሱ ብቻ የሆነ ፕሮፋይል (የብረት ቅርጽ)፣ የትም የማይገኝ መጋጠሚያ ያለው ዕቃ አልገዛም። ምሰሶው ገበያ ላይ ያለ መጠን፣ ብሎኑም የትኛውም ሱቅ ያለ ይሁን። ሁለተኛ፣ በየሥራው ከሌላ ሰውም ፕሮፎርማ አወጣለሁ፤ ባልገዛም። የመጀመሪያው ሰው ይህን ያውቃል፤ ቅር አይለውም፤ እሱም ሌላ ተቋራጭ አለው።

ስንት ትርፍ ልዘዝ?

ንጣፍ ቀጥ ብሎ ከተነጠፈ 5 በመቶ፣ በሰያፍ ከሆነ 10። ቀለሙ ከአንድ ምርት ይሁን፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው አይመሳሰልም። ክዳን አንድ ሙሉ ሉህ። ብሎንና ላስቲክ ግን በመቶኛ አታስሉ፤ አንድ ጣሳ ሙሉ ይምጣ። የተረፈው ለደንበኛው ይሰጥ፤ ጣሳው ላይ የሥራው ቀንና ስልካችሁ በማርከር ይጻፍበት። እኔ ሁለት ሥራ ያገኘሁት የደንበኛው ጎረቤት ጣሳው ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ደውሎልኝ ነው።